ጌጥና ጥንካሬ በእንጨት ጀልባ አሠራር

ለአዲስ አበባ ነዋሪ «ደምበል» ሲባል በቅድሚያ የሚታወሰው በአፍሪካ ጎዳና የሚገኘው የገበያ ማዕከል ነው። ስሙ ግን የዝዋይ ሐይቅም መጠሪያ ነው። በዚያ ሐይቅም ሆነ በጣና፣ ሕዝቡ ከደንገል በታሰረ ታንኳ ሲቀዝፍ ኖሯል።

እ.ኤ.አ. በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለች ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ከሳምንታት በኋላ የጀልባዋ የኋላ ክፍል ውሃ ውስጥ ሰመጠ። በጥንታዊ የግብፅ አሠራር ወደ ላይ የተቆለመመውን የኋላ ጫፍ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ተዘንግቶ ነበር። በ1970 ግን «ራ 2» ባርባዶስ ደረሰች። ስለዚህ ለዓይን ጌጥ የሚመስል ነገር ሸክም ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። የተገላቢጦሹስ? ለጌጥ ብለን የምንጨምረው ነገር ጥንካሬን ይቀንሳልን?

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን በቤት የሚሠራው የእንጨት ጀልባ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው ረጃጅም ቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን ተጣብቀው፣ ከውስጥም ከውጭም ኢፖክሲ በጠጣ የፋይበርግላስ ጨርቅ ይሸፈናሉ። ማዕበል ሲገፋው አንደኛው ሽፋን ይሳባል፤ ሌላው ይጨመቃል። የእንጨቱ ድርሻ ሁለቱን ሽፋኖች አራርቆ መያዝና እርስ በርስ እንዳይንሸራተቱ ማድረግ ነው። ነጣ ያለና ጠቆር ያለ እንጨት በማፈራረቅ ጌጥ ሲሠራ ግን ሦስት ነገሮችን ማጤን ይገባል።

አንደኛ፣ የእንጨት ቃጫ በርዝመቱ ሲሳብ እጅግ ጠንካራ፣ በአግድም ሲሳብ ግን ደካማ ነው። ጠቆር ያለው ጣውላ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ከሄደ ጉዳት የለውም። አጫጭር ቁርጥራጮች ከተገጣጠሙ ግን ቃጫው ይቋረጣል፤ ስለዚህ መጋጠሚያዎቹ በአንድ መስመር ላይ መደርደር የለባቸውም። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ የሚያብጠውም በአብዛኛው በአግድም በመሆኑ፣ ቃጫቸው የተሻገረ ቁርጥራጮች መጋጠሚያውን ያስጨንቃሉ።

ሁለተኛ፣ ክብደት አለ። የጀልባው ገጽ 5 ካሬ ሜትር ቢሆን የእንጨቱ ይዘት 0.03 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዚህ 10 በመቶውን በሜትር ኩብ 400 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ቀላል እንጨት ወደ 900 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከባድ እንጨት ብንለውጥ ጭማሪው 1.5 ኪሎ ግራም ብቻ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ልስላሴ ነው። እንደ ወይራ ያለ ጠንካራ እንጨት ከለስላሳ እንጨት አጠገብ ሆኖ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ ለስላሳው ቀድሞ ይሳሳል። ሽፋኖቹ ቀጫጭን ከሆኑ፣ መታጠፍን የመቋቋም አቅም በግምት ከእንጨቱ ውፍረት ካሬ ጋር ይመጣጠናል። ውፍረቱ ከ6 ወደ 5 ሚሊ ሜትር ሲወርድ (5/6)² = 0.69 ይሆናል፤ ማለትም በዚያ ስፍራ ከአቅሙ 31 በመቶ ያህል ይጠፋል።

እንግዲህ ጀልባን የሚያዳክመው ጌጡ ራሱ ሳይሆን የተቋረጠ ቃጫና የሳሳ እንጨት ነው። አንባብያን ከአንድ ጣውላ ሁለት እኩል ቁርጥራጮችን፣ አንዱን በቃጫው አቅጣጫ ሌላውን በአግድም ቆርጠው በእጃቸው ቢያጥፏቸው ልዩነቱን ወዲያው ይረዳሉ።