በውኃ ጠብታ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረቶች እንዴት ይበላሉ?



ሰው ምግቡን በአፉ ጐርሶ፥ በጥርሱ አኝኮ፥ በሆዱ እንደሚፈጨው ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ጥርስም ሆድም የሌለው ፍጥረት እንዴት አድርጎ ይበላል? ይህን ለመረዳት ከኩሬ የተቀዳ አንዲት ጠብታ ውኃ በማይክሮስኮፕ መመልከት ይበቃል። እነዚህን ፍጥረቶች አስቀድመው ካዩት ሰዎች አንዱ የሆላንዱ ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌዌንሁክ ነው። እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1674 ዓ.ም. የሐይቅ ውኃ ራሱ በሠራው ማጉያ መነጽር መረመረ።

በመጀመሪያ አሜባን እንመልከት። መላ አካሉ አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ የተወሰነ ቅርጽም የለውም። ምግብ ሲያገኝ ከገላው እንደ ጣት ያሉ ነገሮችን ዘርግቶ ዙሪያውን ይከበዋል፤ ጫፎቹም ሲገጥሙ ምግቡ በውስጡ ተዘግቶ ይቀራል። ይህ የተዘጋ ቦታ የምግብ ከረጢት ይባላል። እንግዲህ አሜባ በበላ ቁጥር አዲስ ሆድ ይሠራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ፓራሜሲየም ነው። ርዝመቱ ከ0.1 እስከ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን፥ መልኩ የጫማ ሶል ይመስላል። ገላውን የሸፈኑት ጥቃቅን ፀጉሮች እንደ መቅዘፊያ እየተወዛወዙ ያስኬዱታል፤ በጎኑ ባለው ጐድጓዳ የሚገኙት ደግሞ ባክቴሪያዎችን እየጠረጉ ወደ ውስጥ ያስገቡለታል።

እኛም በክፍላችን እርሾን ኮንጎ ሬድ በሚባል ቀይ ቀለም ነክረን ለፓራሜሲየም ሰጠነው። ጥቂት ቆይቶ በከረጢቶቹ ውስጥ ያለው ቀይ ወደ ሰማያዊ ተለወጠ፤ ኋላም ተመልሶ ቀላ። ይህ ቀለም ሰማያዊ የሚሆነው በብርቱ አሲድ ውስጥ ነው። ስለዚህ በከረጢቱ ውስጥ አስቀድሞ አሲዱ የተዋጠውን ይገድለዋል፤ ቀጥሎ ኤንዛይሞች ይፈጩታል፤ የተፈጨው ወደ ገላው ይሠርጋል፤ ትርፉም ወደ ውጭ ይጣላል። የእኛስ ሆድ ሥራ ከዚህ ምን ይለያል?

እነዚህ ሁለቱ ቀድሞ ከእንስሳት ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬ ግን ሊቃውንት ለብቻቸው ይመድቧቸዋል። በዚያው ጠብታ ውስጥ የሚገኘው ሮቲፈር ግን እውነተኛ እንስሳ ነው። ሕዋሶቹ አንድ ሺህ ያህል ብቻ ሲሆኑ፥ አፍም፥ የሚፈጭ መንጋጋም፥ ሆድም አለው።

ይህ ትምህርት ምን ይጠቅመናል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ባለፈው ክረምት ታናሽ እኅቴ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይዟት ሐኪሙ «አሜባ ነው» ባለ ጊዜ፥ እኔ ከስሙ በቀር የማውቀው አልነበረም። በሽታ የሚያመጣው አሜባ ከኩሬው የተለየ ዓይነት ነው። እርሱ ግን የሚከበውና የሚውጠው የእኛኑ ገላ ነው። ቀይ የደም ሕዋሶችን ይውጣል፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. የታተመ ጥናት እንዳሳየውም፥ በሕይወት ያለውን የሰው ሕዋስ ቆራርሶ እየበላ ይገድለዋል። ከሰው ወደ ሰው የሚሻገረውም ጠንካራ ልባስ ለብሶ፥ በቆሸሸ ውኃ፥ በምግብና ባልታጠበ እጅ ነው።

እግዚአብሔር ይመስገን፥ እኅቴ ድናለች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ያልፈላ ውኃ አይጠጣም፤ ልባሱ ቢጠነክርም የፈላ ውኃ ይገድለዋልና። ስለዚህ ወላጆችና ጓደኞቼ ሆይ፥ ውኃው ጥርት ብሎ ስለ ታየ ብቻ ንጹሕ ነው አንበል። ዓይናችን የማያየው በላተኛ በውስጡ ሊኖር ይችላልና፥ ውኃችንን እናፍላ፤ ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣና ምግብ ከመንካታችን በፊትም እጃችንን በሳሙና እንታጠብ።