በአሶሳ ሰማይ ሥር፦ አንዱን አውሮፕላን ጠንቅቆ ማወቅ

ጥያቄ፦ አሶሳ የምኖር የፊዚክስ መምህር ነኝ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው አውሮፕላን ሲያርፍና ሲነሣ ማየት ከልጅነቴ ጀምሮ ደስ ይለኛል። አሁን ዙም ያላት መጠነኛ ካሜራ ገዝቻለሁ። ነገር ግን ወደኛ የሚመጣው አውሮፕላን ሁልጊዜ ያው አንድ ዓይነት ነው፤ በማነሣው ፎቶም ላይ ፕሮፔለሩ የማይዞር ይመስላል። እዚሁ ሆኜ ቁም ነገር ያለው ሥራ መሥራት እችላለሁ? ትንንሽ አውሮፕላን ማብረር ለመማርስ ምን ያስፈልጋል? (ከአሶሳ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በሚገባ ይችላሉ። አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ማየትዎን እንደ ጉድለት አይቁጠሩት። ቦሌ አካባቢ የሚቆም ሰው አንዱን አይቶ ሳይጨርስ ሌላው ይመጣበታል። እርስዎ ግን አንዱን በበጋም በክረምትም፣ በጠዋትም በማታም እያዩ ጠባዩን ማወቅ ይችላሉ። የአውሮፕላን ፍቅር ትልቁ ደስታም ያየነውን ማወቅ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ፈቃድ ይቅደም። አውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ የሚደረግለት ተቋም ስለሆነ፣ ከአጥር ውጭ ቢቆሙም ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት የማረፊያውን አስተዳደርና የጥበቃ ኃላፊዎችን በጽሑፍ ይጠይቁ። የፍተሻና የጥበቃ ሥራን ፎቶ አያንሡ። ድሮን ያለ ፈቃድ በፍጹም አያስነሡ። በክልልዎ ጉባ ባለው በታላቁ የህዳሴ ግድብ ላይ በመስከረም 2013 ዓ.ም. ማንኛውም በረራ መከልከሉን ያስታውሳሉ።

አሁን ወደ ፕሮፔለሩ እንሂድ። እርስዎ የሚያዩት ኪው-400 የተባለው ሳይሆን አይቀርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአገር ውስጥ መስመሮቹ የሚያበረው ይህ አውሮፕላን በሁለት ሞተር የሚሠራ ተርቦፕሮፕ (ፕሮፔለሩን ተርባይን የሚያዞረው) ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፕሮፔለር ስድስት ምላጭ አለው። ሲነሣ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 1,020 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 17 ጊዜ ይዞራል። የካሜራዎን ሹተር የሰከንድ አንድ ሺህኛ ካደረጉት፣ በዚያች ቅጽበት ምላጩ የሚዞረው 6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ፎቶው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ የሚመስለው ለዚህ ነው። የሰከንድ አንድ መቶኛ ሲያደርጉት ግን 61 ዲግሪ ይዞራል። በሁለት ምላጮች መካከል ያለው ርቀት 60 ዲግሪ ስለሆነ ክቡ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። በዚህ ፍጥነት እጅ ይንቀጠቀጣልና ክርንዎን ከጎንዎ ያስጠጉ፤ ከወገብዎ እየዞሩ አውሮፕላኑን ይከተሉ፤ ካነሡ በኋላም መከተልዎን ወዲያው አያቋርጡ። መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ፎቶ ይደበዝዛል፤ ተስፋ አይቁረጡ። የአብራሪው መስኮት ጥርት ብሎ ፕሮፔለሩ ሲዞር የሚታይበትን አንድ ፎቶ ሲያገኙ ድካምዎን ይረሱታል።

ሰዓትና ወቅት መምረጥም ያስፈልጋል። እኩለ ቀን ላይ ከመንደርደሪያው የሚነሣው ሙቀት ምስሉን ያርገበግበዋል፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ውድ ሌንስ አያስተካክለውም። ጠዋትና ወደ ማታ ያንሡ። ዝናቡ ሊያበቃ ሲል አየሩ ታጥቦ ምድሩም አረንጓዴ ነው። በበጋ ሣሩ ሲቃጠል የሚነሣው ጭስ ሩቁን ይጋርዳል፤ ያኔ አውሮፕላኑ ሲቀርብ ብቻ ይሞክሩ።

ለፊዚክስ መምህር የሚሆን ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የአሶሳ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,560 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በአቪዬሽን ስሌት በዚህ ከፍታ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ቀኑ 30 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይሳሳና ክንፉም ሞተሩም 2,450 ሜትር አካባቢ ላይ ያሉ ያህል ይሠራሉ። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ያንኑ ጭነት ይዞ በሞቃት ቀን ረጅም መንደርደር ያስፈልገዋል። ነፋሱን፣ ሙቀቱንና ከመሬት የለቀቀበትን ቦታ በደብተር ይመዝግቡ። በኢቲ የሚጀምረውን የምዝገባ ፊደልም ይጻፉ። ከተማሪዎችዎ ጋር ስሌቱን ቢሠሩት ክፍልዎ ነፍስ ይዘራል።

ተሳፍረው ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱ ከሆነ፣ በበጋ ጠዋት ፀሐይ እንዳታስቸግርዎ በግራ በኩል ይቀመጡ። የኪው-400 ክንፍ ከላይ ስለሆነ ምድሩ በደንብ ይታያል፤ የዳቡስንና የዴዴሳን ወንዞች ከላይ ማየት ይችላሉ። ሞተሩ አጠገብ ከተቀመጡ ጎማው ወደ ሞተሩ ማቀፊያ ሲታጠፍ ያያሉ።

ከመደበኛው የመንገደኞች በረራና ከጦር አውሮፕላን ውጭ ያለው የትንንሽ አውሮፕላን ዓለም በአገራችን ገና ጠባብ ነው፤ ሥሩ ግን ጥልቅ ነው። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር በአዲስ አበባ የሠራት «ፀሐይ» በ1928 ዓ.ም. በረረች፤ ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። በ1970ዎቹ መጨረሻም አየር መንገዱ «እሸት» የተባለችውን የሰብል መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን እዚሁ ገጣጥሟል።

ማብረር ለመማር፣ በዓለም አቀፉ መስፈርት ለግል አብራሪነት ፈቃድ ዕድሜ ቢያንስ 17 ዓመት፣ የጤና ምርመራና ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ዋጋው ከባድ ነው። ከመወሰንዎ በፊት ማሠልጠኛው በኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዕውቅና እንዳለው ያረጋግጡ። እስከዚያው የአየር ጠባይና የበረራ መርሆ ትምህርቱን በመጽሐፍ ይጀምሩ፤ ፊዚክሱ እንደሆነ እጅዎ ላይ ነው።

በመጨረሻም አንድ አደራ። የአሶሳን አረጋውያን ድሮ ወደ ከተማው ይመጡ ስለነበሩት አውሮፕላኖች ይጠይቁ። በአልበማቸው ፎቶ ካለ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀው ቅጂውን ከእርስዎ ፎቶዎች ጋር ያስቀምጡ፤ ቀኑንና ቦታውን ከሥሩ ይጻፉ። ኪው-400ም አንድ ቀን በሌላ ይተካል። ያኔ የአሶሳን የበረራ ታሪክ ማወቅ የሚፈልግ ሰው የሚያገላብጠው የእርስዎን ደብተር ይሆናል። የፎቶ ማንሻ ፈቃድ ማመልከቻዎን በዚህ ሳምንት ይጻፉ።