ትራክተርና ተሳቢ

እኛ ገበሬዎች በሬ እንዴት እንደሚጠመድ እናውቃለን። ምራኑ ከላላ ሞፈሩ ይንሸራተታል። ማነቆው ከጠበቀ የበሬው አንገት ይላጣል። ስለዚህ እርሻ ከመጀመራችን በፊት ቀንበሩን፣ ምራኑንና ማነቆውን አንድ በአንድ እናያለን። ትራክተርና ተሳቢም እንዲሁ ናቸው። ልዩነቱ አንድ ነው። በሬ ሲጨንቀው ይቆማል፤ ብረት ግን አይቆምም።

ተሳቢ ማለት የራሱ ሞተር የሌለው፣ በትራክተር ወይም በመኪና የሚጎተት ትልቅ ጋሪ ነው። በአገራችን ትራክተር ለገበሬው አዲስ ነገር አይደለም። ለምሳሌ በአርሲ በጭላሎ አውራጃ በ1960ዎቹ ዓ.ም ብዙ ትራክተሮች ያርሱ ነበር። ዛሬም በብዙ ቦታ ገበሬው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ወይም በኪራይ ትራክተር ያገኛል። ትራክተሩ ማረስ ብቻ ሳይሆን እህል፣ ማዳበሪያና ድንጋይ ይጎትታል። ታዲያ አደጋው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ሲያርስ ሳይሆን ሲጎትት ነው። ይህን ከራሳችን እንጀምር።

በእኛ ላይ የደረሰው

ወሩ ጥር ነበር። ስንዴያችንን ወቅተን ወደ ገበያ ለመውሰድ ትራክተርና ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ተከራየን። ኪራዩ የሚከፈለው በምልልስ ነው። ስለዚህ «ሁሉንም በአንድ ጊዜ እንጫን» ተባባልን። 42 ኩንታል ጫንን። ከፊት በኩል ሰው እንዲቀመጥበት ብለን ቦታ ተውን፤ ጆንያውን ሁሉ ወደ ኋላ ከመርነው።

ተሳቢውን ከትራክተሩ የሚያያይዘው ፒን ጠፍቶ ነበር። ረዳቱ በምትኩ አንድ ቁራጭ ፌሮ ሰካ። ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ «አንተ ልጅ፣ ይህ ነገር መቆለፊያ የለውም እኮ» አሉት። እሱም «አያ፣ ምን ችግር አለው? ቅርብ ነው» አላቸው። እኛም ዝም አልን።

ዳገቱ መሐል ስንደርስ የተሳቢው አፍ ወደ ላይ ተነሣ። ፌሮው እየተነቀነቀ ወጣ። ተሳቢው ወደ ኋላ ተንከባለለ። ላዩ ላይ የነበርነው ዘለልን። አንድ ወጣት ግን እግሩ ከጎማው ሥር ገባ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ተሰበረ። ዛሬም ያነክሳል።

በኋላ ተሳቢውን ስናነሣ ከጎኑ ላይ ትንሽ የብረት ሳህን አየን። «ጠቅላላ ክብደት 4000 ኪሎ፣ ባዶ ክብደት 1000 ኪሎ» ይላል። ብዙዎቻችን ማንበብ እንችል ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ማንም ጎንበስ ብሎ አላነበበውም።

ከዚህ በኋላ ተሳቢ ባየን ቁጥር የምናደርገውን እንንገራችሁ።

1. ቁጥሩን አንብቡ

ጠቅላላ ክብደት ማለት ተሳቢው ከነጭነቱ ከዚህ በላይ እንዳይመዝን የተወሰነለት ነው። ባዶ ክብደት ማለት ተሳቢው ራሱ የሚመዝነው ነው። ከጠቅላላው ባዶውን ስንቀንስ የሚቀረው ልንጭነው የምንችለው ነው።

4000 − 1000 = 3000 ኪሎ

አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ስለሆነ፣ 3000 ኪሎ 30 ኩንታል ነው። እኛ የጫንነው 42 ነበር። ስለዚህ 12 ኩንታል ትርፍ ጭነን ነበር ማለት ነው።

ተሳቢው ቢችልም ትራክተሩ ላይችል ይችላል። መጎተት አንድ ነገር ነው፤ ማቆም ሌላ ነገር ነው። የራሱ ፍሬን የሌለው ከባድ ተሳቢ በቁልቁለት ላይ ትራክተሩን ከኋላ ይገፋዋል። ትራክተሩንም አጣምሞ ሊገለብጠው ይችላል። ስለዚህ ትራክተሩ ስንት ኪሎ እንዲጎትት እንደተፈቀደለት አሽከርካሪውን ጠይቁ።

2. አያያዝ

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ስለዚህ ሳንቸኩል በተራ እንሠራለን።

ሀ. ተሳቢውን ሜዳ ቦታ ላይ እናቆማለን። ከጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ እናደርጋለን።

ለ. ትራክተሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይመጣል። ረዳቱ በጎን ቆሞ በእጁ ያሳያል። በትራክተሩና በተሳቢው መካከል ማንም አይቁም።

ሐ. ትራክተሩ ይቆማል። ማርሹ ይወጣል፤ የእጅ ፍሬኑ ይያዛል። ረዳቱ መሐል የሚገባው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው።

መ. ተሳቢው የሚያያዘው ከትራክተሩ በታች በኩል ባለው መጎተቻ ብረት ላይ ነው። ከፍ ባለ ቦታ ላይ አትሰሩት። ከፍ ብሎ ከታሰረ፣ ጭነቱ ሲከብድ የትራክተሩ ፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ በአሽከርካሪው ላይ ሊገለበጥ ይችላል።

ሠ. ፒኑ ለቀዳዳው ልክ የሆነ፣ ያልተጣመመና ያልተበላ ይሁን። ከላይ ወደ ታች ይግባ። ከታች በመቆለፊያው ይቆለፍ። ሚስማር፣ ፌሮ ወይም እንጨት የፒን ምትክ አይሆንም።

ረ. የመጠባበቂያው ሰንሰለት ይታሰር። ፒኑ ቢወጣ ተሳቢውን የሚይዘው ይህ ሰንሰለት ነው። ሲታጠፉ እንዳይወጠር ትንሽ ይላላ፤ ነገር ግን መሬት አይንካ።

ሰ. ፍሬን ያለው ተሳቢ ከሆነ የፍሬኑ ቱቦ ይገጠም። የመብራቱ ሶኬትም ይሰካ።

ሸ. የተሳቢው መቆሚያ እግር ይነሣ። ታኮው መጨረሻ ላይ ይነሣ። ከዚያም ትራክተሩ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይቁም። ወርደን እንደገና እንይ።

ሲፈታ ደግሞ ታኮው መጀመሪያ ይገባል። ፒኑ መጨረሻ ላይ ይወጣል።

3. አጫጫን

የእኛ ትልቁ ስሕተት እዚህ ላይ ነበር። ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ እንደ ሚዛን ነው። የሚዛኑ መሐል ጎማዎቹን የሚያገናኘው ብረት ነው። ጭነቱ ወደ ኋላ ከበዛ የተሳቢው አፍ ወደ ላይ ይነሣል። ያኔ ፒኑን ይጎትታል፤ የትራክተሩን የኋላ ጎማም ያቀለዋል። ጎማው መሬት አይቆነጥጥም። ጭነቱ ወደ ፊት ከመጠን በላይ ከበዛ ደግሞ የትራክተሩ የፊት ጎማ ይቀላል። መሪው አልታዘዝ ይላል።

ስለዚህ ከባዱ ጭነት ከጎማዎቹ በላይ ሆኖ ጥቂት ወደ ፊት ያዘንብል። ከግራና ከቀኝ እኩል ይሁን። ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ ይሁን። በገመድ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር።

በጭነት ላይ ወይም በመጎተቻው ብረት ላይ ሰው አይቀመጥ። «ቅርብ ነው» የሚለው ቃል የአንድ ወጣት እግር አስከፍሎናል።

4. ጎማ

የጎማው ንፋስ ሲያንስ ጎማው ይሞቃል፣ ይቀደዳል። በጎማው ጎን ላይ ቁጥር ተጽፏል። ንፋሱ ከዚያ ቁጥር ማለፍ የለበትም። የሁለቱም ጎማ ንፋስ እኩል ይሁን፤ ካልሆነ ተሳቢው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

የጎማው ዳዶዎች ጥብቅ መሆናቸውን በቁልፍ እንይ። ስናጠብቅ በዙሪያው በተርታ አይደለም። አንዱን አጥብቀን ከፊት ለፊቱ ያለውን እናጠብቃለን። ጎማ ከተቀየረ፣ ጥቂት ከተጓዝን በኋላ ቆመን እንደገና እናጥብቅ።

5. በጉዞ ላይ

ትራክተር ሁለት የፍሬን ፔዳል አለው፤ አንዱ ለግራ ጎማ፣ አንዱ ለቀኝ ጎማ። ማሳ ውስጥ ለመታጠፍ ለየብቻ ይረገጣሉ። መንገድ ላይ ግን በማያያዣው መቆለፍ አለባቸው። ካልተቆለፉ አንዱ ጎማ ብቻ ይያዝና ትራክተሩ ዞሮ ይገለበጣል።

ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት፣ ገና አናቱ ላይ ሳለን፣ ከባድ ማርሽ ይግባ። ሞተሩ ራሱ ትራክተሩን ይይዘዋል። ማርሽ አውጥቶ ወይም ፍሪሲዮን ረግጦ ቁልቁለት መውረድ ሞትን መጥራት ነው።

6. ችግር ሲፈጠር

ማናቸውንም ነገር ከመንካታችን በፊት ሞተሩን እናጠፋለን፤ ታኮ እናደርጋለን።

ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ የበዛ ጭነት ወይም የንፋስ ማነስ ነው። ፍጥነት ቀስ በቀስ ይቀነስ። ቆመን ጭነቱን እናስተካክል፤ ጎማውንም እንይ።

አንደኛው ጎማ መሐሉ በጣም ይሞቃል። ኩሽኔታው ግራሶ ጨርሷል ወይም ፍሬኑ እንደተያዘ ነው። እጃችንን ሳናስነካ አቅርበን ሙቀቱን እንለካ። በጣም ከሞቀ ጉዞው ይቁም። ጭነቱ ሲራገፍ ተሳቢው ከትራክተሩ ሳይፈታ በክሪክ ይነሣ። ጎማውን ይዘን ስንነቀንቀው የሚንገጫገጭ ከሆነ ለመካኒክ ይታይ። በክሪክ ብቻ ከቆመ ተሳቢ ሥር ማንም አይግባ።

አንድ መብራት ብቻ አይበራም። አምፖሉ ተቃጥሏል ወይም የእሱ ሽቦ ተበጥሷል። በሌላ አምፖል እንሞክር።

ሁሉም አይበራም። ሶኬቱ በደንብ አልተሰካም፣ ውስጡ ዝጓል፣ ወይም ፊውዙ ተቃጥሏል። ሶኬቱን ነቅለን እናጽዳ። ፊውዝ ስንቀይር ቁጥሩን እናንብብ። 10 የሚል ከነበረ 10 የሚል ይተካ። በፊውዝ ቦታ ሽቦ ማስገባት እሳት ያስነሣል።

የግራውን ፍሬቻ ስናበራ ሌላው መብራት ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ይህ ብዙዎችን ያደናግራል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ አምፖሉ ላይ አይደለም። ከተሳቢው ብረት ጋር የሚታሰረው የመሬት ሽቦ ላልቷል ወይም ዝጓል። ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በሌላው አምፖል በኩል ይመለሳል። ዝገቱን ፍቀን ሽቦውን አጥብቀን እንሰር።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ ሰባት እግር ሶኬት ቁጥሮች አሉት። 1 የግራ ፍሬቻ፣ 3 የመሬት ሽቦ፣ 4 የቀኝ ፍሬቻ፣ 5 የቀኝ የኋላ መብራት፣ 6 የፍሬን መብራት፣ 7 የግራ የኋላ መብራት ነው። ቁጥሩን ማንበብ የቻለ ሰው የተበላሸውን ሽቦ ሳይደናበር ያገኘዋል።

መብራቱ ካልተሠራ በሌሊት አንሂድ። ትራክተር ዝግ ብሎ ስለሚሄድ ከኋላ የሚመጣ መኪና በጨለማ ሳያየው ይደርስበታል።

ማጠቃለያ

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው። ፒኑን፣ ሰንሰለቱን፣ ጎማውን፣ ጭነቱንና መብራቱን ለማየት ጥቂት ጊዜ ይበቃል። የእኛ ወጣት ሐኪም ቤት የተኛው ግን ለወራት ነው። ትራክተሩ የሌላ ሰው ነው፣ አሽከርካሪውም ያውቃል ብለን ዝም አንበል። እህሉ የእኛ ነው፤ ልጆቹም የእኛ ናቸው። ያን ቀን ሽማግሌው ሲናገሩ «እውነታቸውን ነው፣ ፒን ይምጣ» ብለን ብንቆም ኖሮ የምንከስረው ግማሽ ቀን ብቻ ነበር።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. የአንድ ተሳቢ ጠቅላላ ክብደት 5500 ኪሎ፣ ባዶ ክብደቱ 1500 ኪሎ ነው። ስንት ኩንታል ሊጫንበት ይችላል?

2. ጭነቱ ወደ ኋላ ሲበዛ ምን ይከተላል? ለምን?

3. ረዳቱ በትራክተሩና በተሳቢው መካከል መግባት የሚችለው መቼ ነው?

4. መንገድ ላይ ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎች ለምን ይቆለፋሉ?

5. የግራ ፍሬቻ ሲበራ ሌላ መብራት ደብዘዝ ብሎ ቢበራ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው?

6. በቀበሌያችሁ ተሳቢ ካለ ሄዳችሁ ሳህኑን አንብቡ። ያገኛችሁትን ቁጥር በደብተራችሁ ጻፉ፤ ለጎረቤቶቻችሁም አንብቡላቸው።