ትንሿ ማንበቢያ በሥራ ወረቀት ስትፈተን

መጀመሪያ እጄ ላይ ስትቀመጥ ውስጧ ምንም የሌለ ነው የመሰለኝ። ባለ6 ኢንች ኢ-ሪደር ኮት ኪስ ውስጥ ገብታ ትረሳለች። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ትንሹ ኪንድል፣ ለምሳሌ፣ 158 ግራም ብቻ ነው፤ ብዙ ስልኮች ከዚያ ይከብዳሉ። የመጀመሪያው ቀን ደስታ ግን አያታልልዎ። ሻጩም ሆነ ከውጭ ያመጣልዎ ዘመድ ከፍቶ የሚያሳይዎ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነው፣ በእሱ ደግሞ የማያምር ማንበቢያ የለም። እርስዎ የሚያነቡት አዋጅ፣ መመሪያ ወይም የማስተርስ ሞጁል ከሆነ እሱኑ ጭነው ይዩ።

እኔ ማታ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን በፒዲኤፍ ጭኜ ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ከፈትኩት። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን ነው የሚያትመው፤ ፊደሉ ጤፍ አክሏል። ነገሩ የስፋት ጉዳይ ነው። ኤ4 ወረቀት ወርዱ 21 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የዚህች ስክሪን ግን 9 ገደማ። በ12 መጠን የተተየበ ጽሑፍ ወደ 5 ይወርዳል ማለት ነው። በሁለት ጣት ማጉላት ይቻላል፤ ግን ስክሪኑ እንደ ስልክ ፈጣን ስላልሆነ ገጹን በገፉት ቁጥር ብልጭ ድርግም እያለ ያሰለቻል። የሚሻለው ማንበቢያዋን ወደ ጎን አዙሮ የአማርኛውን ዓምድ ብቻ አጉልቶ መውረድ ነው።

ሰነዱ በዎርድ ካለዎት ግን ሌላ መላ አለው፣ እኔም ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። የገጹን መጠን 9 በ12 ሴንቲ ሜትር፣ ኅዳጉን ግማሽ ሴንቲ ሜትር፣ ፊደሉን 11 ያድርጉና በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። የ40 ገጽ ሪፖርት 150 ገጽ ቢሆን አይደንግጡ፤ እንደ ኪስ መጽሐፍ እየገለጡ ይጨርሱታል። ሠንጠረዥ የበዛበትን ግን አይሞክሩት። በጀት በላፕቶፕ ይታይ።

ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ አማርኛው አይበላሽም። ኢፐብ በሚባለው የመጽሐፍ ፋይል ላይ ግን ፊደሉን የምታመጣው ብዙውን ጊዜ ማንበቢያዋ ናት፤ የግዕዝ ፎንት ከሌላት ካሬ ካሬ ብቻ ይደረደራል። እኔም የመጀመሪያ ቀን ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ጊዜ እንደገና አውርጄዋለሁ። ኮቦና የቅርብ ዓመታት ኪንድሎች የራስን ፎንት ይቀበላሉ። በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኟትና በላቲን ፊደል ‹ፎንትስ› በተባለው ፎልደር ውስጥ (ከሌለ ራስዎ ከፍተው) አቢሲኒካ ሲልን ወይም የኖቶን የኢትዮጵያ ፊደል ያስገቡ፤ ከዚያ መጽሐፉን ከፍተው ከፎንት ዝርዝሩ ይምረጡት። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተተየበ የቢሮ ሰነድ ካለዎት ወደ ኢፐብ አይቀይሩት፣ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናል። በፒዲኤፍነቱ ይተውት።

ለዓይን ግን አንደኛ ናት። ስክሪኑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች በኤሌክትሪክ ተገፍተው አንዴ ቦታቸውን ከያዙ በዚያው ይቆያሉ፤ ኃይል የሚበላው በዋናነት ገጽ ሲገለጥና የውስጥ መብራቷ ሲበራ ነው። ስለዚህ የቀትር ፀሐይ ላይ እንደ ወረቀት ትነበባለች፣ መብራት ለቀናት ቢጠፋም ቻርጅ አያሳስብም። አልፎ አልፎ የቀደመው ገጽ ጥላ ከሥር ይቀራል፤ ብልሽት አይደለም፣ ስክሪኑ ሙሉ ለሙሉ ሲታደስ ይጠፋል።

ያገለገለ ሲገዙ የቀድሞ ባለቤቱ አካውንቱን እፊትዎ ያስወጣ። ከወሰዷት በኋላ ሰውየውን ፍለጋ መዞር ነው።

የመጀመሪያዋን የገደለብኝ ምሳ ዕቃዬ ነው። ቦርሳ ውስጥ አንድ ላይ ነበሩ፣ አውቶቡሱ ጢም ብሏል፣ ተጋፍተን ወረድን። ቢሮ ደርሼ ሳወጣት ላይዋ ላይ አንዲት ጭረት የለም፤ ግማሽ ስክሪኗ ግን መስመር በመስመር ሆኖ ቀርቷል። ከስክሪኑ ሥር ያለው ስስ መስታወት ነው የተሰነጠቀው። ጠጋኙ የጠራው ዋጋ ከአዲሷ ብዙም አይርቅም ነበር። ለሁለተኛዋ ጠንካራ ሽፋን የገዛሁላት ዕለቱን ነው፤ ምሳ ዕቃዬም ከዚያ ወዲህ በእጄ ነው የሚሄደው።