ለሌሊት ዘበኛህ ምን ከፈልከው?

ከዳባት ወደ ደባርቅ ስትወጣ ብርዱ እየበረታ ይሄዳል። በዚያ ብርድ አንተ ጋቢህን ደርበህ ስትተኛ፣ በረቱ ጥግ ተጠቅልሎ ጆሮውን አቁሞ የሚያድር አለ። ጅብ ሲጮህ ቀድሞህ ይነሳል። ሲነጋ ደግሞ ጭላዳ ከገብስህ ያባርራል። ደሞዙ? ቁራሽ እንጀራ፣ አንዳንዴም ድንጋይ!

ወዳጄ፣ ኑሮዬን ልለውጥ ስትል ሁሌ ትልቅ ትልቁን ታስባለህ። ዛሬ ከደጃፍህ ጀምር። ውሻህን ጥራና አንገቱን ዳስሰው። ቀን የሚታሰርበት ገመድ ጸጉሩን ልጦ ቆዳውን አቅልቶት ይሆናል። ሁለት ጣት እስኪያስገባ አላላለት። አንድ ሥራ ጨረስክ፤ ደቂቃ አልፈጀብህም!

አሁን ወደ እርዱ እንምጣ። አዙሪትን ታውቀዋለህ፤ በጓ አንገቷን አጣማ ባለችበት ትሽከረከራለች፣ ከመንጋው ትለያለች፣ ከስታ ትሞታለች። መነሻው ውሻ ሆድ ውስጥ የሚኖር የኮሶ ዘመድ ነው። እንቁላሉ ከውሻው ሰገራ ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፣ በጓ ትግጠዋለች፣ አንጎሏ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ሆኖ ያድጋል። ያቺ በግ ታርዳ ጭንቅላቷ ለውሻው ሲወረወር ትሉ ቤቱ ገባ! የሚሽከረከሩት በጎቹ ብቻ አይደሉም፤ እኛም አብረናቸው ነን። ጭንቅላቱን በደንብ ቀቅለህ ስጠው፣ ካልሆነም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጉድጓድ ቅበረው። ውሃ የቋጠረ ሳንባና ጉበትም ለውሻ አይሰጥም፤ ያንን የሚያመጣው ሌላ ትል ነው፤ እንቁላሉ ልጅህንም ይይዛል።

ክትባቱስ? የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል፤ መከላከሉ ግን በእጅህ ነው። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው አስከትበው፣ የድጋሚውን ጊዜ ሐኪሙን ጠይቅ፣ እግረ መንገድህን የትል መድኃኒትም ውሰድለት። ሰው ከተነከሰ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት ይህን አይተካም።

ውሻህ ወደ ላይ፣ ወደ ስሜን ተራሮች ፓርክም ይወጣል። እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የለውም፤ ቁጥሩም በጠቅላላው 500 ገደማ ነው። በ1996 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ከውሾች የተዛመተው ይኸው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙ ቀበሮ ፈጅቷል። አንድ የተከተበ ውሻ ስሜን ላይ ስንቱን እንደሚጠብቅ አስበው!

ዓለም አቀፉ የእብድ ውሻ በሽታ ቀን አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 18፣ የመስቀል ማግስት ላይ ይውላል። የበጉ ጭንቅላት ድስት ውስጥ ይንፈቅፈቅ፤ አንተ ዘበኛህን ይዘህ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ውረድ። ገመዱን አደራ፣ እንዳታጠብቀው።