ማሳሰቢያ፦ ስሟን አትዝለሉ

በሀብሩ ወረዳ፣ ግራና ላይ ሴትን ልበድል ብሎ የሚነሳ ሰው ጥቂት ነው። በደሉ የሚደርሰው ሳይታሰብ ነው፤ ማን እንደሚጠየቅ፣ የማን ስም እንደሚጻፍ በልማድ ሲወሰን። ስለዚህ አደራ፦

– የግብርና ባለሙያዎች፣ ደጅ ላይ ቆማችሁ «አባወራው የለም?» ብላችሁ አትመለሱ። ሽንኩርቱን ስታርምና ስትኮተኩት የከረመችው ሚስቱ ናት፤ ቅጠሉ መቼ መጠውለግ እንደጀመረ ከማንም በፊት ታውቃለች። እሷን ጠይቁ። ሥልጠና ሲመጣም ስሟን መዝግቡ።

– የመስኖ ውሃ ተራ የሚደለደልበትን ስብሰባ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት አትጥሩ። እሷ የተናገረችው ሐሳብ ወንድ እስኪደግመው ድረስ ከቃለ ጉባኤ አይቅር። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ለጨዋታ እንኳ አታንሱ፤ የሰማች ልጅ ሁለተኛ እጇን አታወጣም።

– የመሬት ደብተራችሁን አውጥታችሁ እዩት። ከአማራ ክልል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 133/1998 ጀምሮ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የሚመዘገበው በሁለቱም ስም ነው። መሬቱ ሲከራይ ግን ብዙ ጊዜ የሚጠራው ባል ብቻ ነው። እሷ ሳትስማማ ውል አትፈርሙ፤ ሽማግሌዎችም ለእንዲህ ያለው ውል ምስክር አትሁኑ።

– ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀኝ የዓረብ አገሩ ጉዳይ ነው። ከሀብሩ ቀበሌዎች ስንት ልጃገረድ ሳውዲ ሄዳ በሰው ቤት ስታጥብ፣ ስትጠርግ፣ ልጅ ስታሳድግ ዓመታት ትገፋለች። የላከችው ብር በወንድሟ ሂሳብ ይገባል፤ ቦታው በወንድሟ ስም ይገዛል። ስትመለስ በገዛ ላቧ በተሠራው ቤት እንግዳ ትሆናለች። ወንድም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቤት የወንድ ነው ተብሎ ስላደገ ነው። እናትና አባት፣ ልጃችሁ ገና ሳትሄድ በስሟ የባንክ ሂሳብ አስከፍቱላት። ውክልና ከሰጠች ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ይለይ። ቤቱ ሲሠራ ሰነዱ በስሟ ይውጣ። «ለወንድሟ ባጃጅ ገዛችለት» ብላችሁ ስታመሰግኗት፣ ለራሷ ምን እንዳስቀረች ጠይቋት።

– ወንድ ልጅ ጀሪካን ተሸክሞ ሲያልፍ አትሳቁበት። እህቱ ለፈተና ስታጠና ውሃውን እሱ ይቅዳ። ይህ ነውር አይደለም፤ በዚሁ ክልል፣ ፎገራ ወረዳ፣ ዙምራ ኑሩ በመሠረቱት በአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሴት ታርሳለች፤ ወንድ ይጋግራል።

– የቅሬ (የዕድር) ዳኞች፣ ባል ሲሞት አባልነቱን ወደ ትልቁ ወንድ ልጅ አታዙሩት። በሚስቱ ስም ይቀጥል፤ የስብሰባ ጥሪውም ለእሷ ይድረሳት።