«ተላላፊ በሽታ የለም» የሚለው ሐዲስና ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል

 

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ! ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት አንድ ጥያቄ አለ። «ኡስታዝ፣ በሐዲስ ተላላፊ በሽታ የለም ተብሎ የለ? ታዲያ ሐኪም ተጠንቀቁ ሲለን መፍራታችን የተወኩል ጉድለት አይሆንም?» ይላሉ። ጥያቄው የደርስ ክርክር ብቻ ይመስላል። ግን መልሱን የሳተ ሰው መድኃኒቱን ያቋርጣል፣ ሳሉን ይዞ ሰው መሐል ይቀመጣል፣ እናቱንና ታናናሾቹን ያሳምማል። ስለዚህ ዛሬ ረጋ ብለን እንየው።

ሐዲሱ ሰሒሕ ነው። በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ነገር ግን ቆርጠን ሳይሆን እስከ መጨረሻው እንስማው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲናገሩ አንድ የበረሃ ሰው ስለ ግመሎቹ ጠየቃቸው። ጤነኛ የነበሩት ግመሎች እከክ ያለበት ግመል ሲቀላቀላቸው ሁሉም እንደሚታመሙ ነገራቸው። እርሳቸውም መልሰው፣ የመጀመሪያውንስ ግመል ማን አስያዘው? አሉት። ልብ በሉ! ሰውየው በዓይኑ ያየውን ውሸት ነው አላሉትም። ልቡን ከግመሉ አንስተው ወደ ግመሉ ጌታ ነው የመለሱት።

በጃሂሊያ ዘመን ሰዎች በሽታ ያለ አላህ ፈቃድ በገዛ ኃይሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል ብለው ያምኑ ነበር። ሐዲሱ የሻረው ይህንን እምነት ነው። እንደ ኢብኑ ሶላህ ያሉ ዑለሞች እንዳብራሩት፣ በሽታ በራሱ አቅም አይተላለፍም፤ ነገር ግን አላህ (ሱ.ወ) የታመመ ከጤነኛ ጋር መቀላቀሉን ለመተላለፉ ሰበብ አድርጎታል። ምግብም እንዲሁ ነው። የሚያጠግበን አላህ ነው፤ ይህን ብሎ ግን እጁን ከማዕድ የሰበሰበ ሰው አላየንም።

ማስረጃው ከዚያው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አንደበት ነው። የታመሙ ግመሎች ያሉት ሰው ጤነኛ ግመሎች ወዳሉበት እንዳያመጣቸው ከልክለዋል። በሥጋ ደዌ ከተያዘ ሰው መራቅንም አዘዋል። ሰበቡ ባይኖር ኖሮ እነዚህ ትእዛዞች ለምን ያስፈልጉ ነበር?

ሰሓባዎችም የተረዱት እንዲሁ ነው። በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ (639 እ.ኤ.አ.) ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ የሚባል ቦታ ደረሱ። እዚያም በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፣ ከዚያ አንሷሮችን፣ ከዚያም የቁረይሽ ሽማግሌዎችን። በመጨረሻ ሰዎቻቸውን ይዘው ለመመለስ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ቀደር መሸሽ ነውን? ብለው ሲጠይቁ፣ ዑመር አዎ፣ የምንሸሸው ግን ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የሚል መልስ ሰጡ። አንዱ ወገኑ ለምለም፣ ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎቹን የሚያሰማራን ሰውም ምሳሌ አደረጉ። በየትኛውም ቢያሰማራ በአላህ ቀደር ነው። ታዲያ ለምለሙ እያለ ደረቁን ለምን ይመርጣል?

ከዚያ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) መጡና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰሙትን ነገሩ፦ ወረርሽኝ አንድ አገር መግባቱን ስትሰሙ ወደዚያ አትሂዱ፤ እናንተ ባላችሁበት ከተነሳም ሸሽታችሁ አትውጡ። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ደግሞ በሻም ከሕዝባቸው ጋር ቆዩ፤ በዚያው ወረርሽኝም ሞቱ።

ትእዛዙ ሁለት ጎን እንዳለው አስተውሉ። አትግባ የሚለው አንተን ይጠብቃል። አትውጣ የሚለው ግን የሚጠብቀው ሌላውን፣ ገና የማታውቀውን ሰው ነው። በሽታህ ያንተ ፈተና ነው፤ ወደ ሌላው እንዳይሻገር መጠንቀቅ ደግሞ በእጅህ ያለ አማና ነው።

ይህን አማና ዛሬ የት እናገኘዋለን? በመካከላችን ያለውን የሳንባ ነቀርሳን፣ ቲቢን፣ እንውሰድ። የሳንባ ቲቢ የያዘው ሰው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ ወይም ሲናገር ባክቴሪያው ከትንፋሹ ጋር ይወጣል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ አየር ላይ ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል። ባክቴሪያው ገብቶባቸው ከቶ የማይታመሙ ብዙዎች ናቸው። የምግብ እጥረት፣ ኤችአይቪ ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን የመታመም ዕድሉ ከፍ ይላል።

አሁን ልማዳችንን እንይ። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት «ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!» የሚል አይጠፋም። በርጫ ላይ በርና መስኮት ዘግተን፣ ጭስ አፍነን፣ ግማሽ ቀን አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ስንስብ እንውላለን። ደረሶች በአንዲት ጠባብ ክፍል ተደራርበው ያድራሉ። ቲቢ የሚወደው ይህንኑ ነው፦ የተዘጋ ቤት፣ ብዙ ሰው፣ ረጅም ሰዓት። ንጹሕ አየርና የፀሐይ ብርሃን ደግሞ ያዳክሙታል። መስኮት መክፈት ገንዘብ አይጠይቅም።

በሌላ በኩል የማያስተላልፈውን ፈርተን ወንድማችንን እንገፋለን። ቲቢ በመጨባበጥ፣ በሳህን፣ በብርጭቆ ወይም በልብስ አይተላለፍም። ታማሚው ሕክምናውን በትክክል ሲጀምርም፣ በሽታው መድኃኒቱን የተላመደ ካልሆነ፣ በአብዛኛው በሳምንታት ውስጥ የማስተላለፍ አቅሙ በእጅጉ ይቀንሳል። ታዲያ ሳህኑን ለይተን፣ «እሱ ቲቢ አለበት» ብለን ሹክ የምንል ከሆነ ምን እናተርፋለን? ያፈረ ሰው ይደብቃል፤ የደበቀ አይታከምም፤ ያልታከመ ያስተላልፋል። ሐሜቱ ኃጢአት ከመሆኑም በላይ በሽታውን ያሰራጫል።

እንግዲህ ከዚህ ጁሙዓ ይዘን የምንሄደው ይህን ነው።

አንደኛ፣ ሳልህ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ በተለይ ማታ ማታ ካላበህ፣ ከከሳህ ወይም ደም ከቀላቀለ፣ ነገ ዛሬ ሳትል ጤና ጣቢያ ሄደህ አክታህን አስመርምር። በአገራችን በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢ መድኃኒት በነጻ ይሰጣል።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን ጨርስ። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው። በሁለተኛው ወር ሳሉ ሲጠፋ፣ ክብደት ሲመለስ፣ «ድኛለሁ» የሚል ስሜት ይመጣል። ያኔ ማቋረጥ መድኃኒቱን የተላመደ ቲቢ ሊያስከትል ይችላል። እሱ ለማከም ይበልጥ ከባድ ነው፤ ወደ ሌላውም የሚተላለፈው እንደዚያው ተላምዶ ነው። ረመዷን ከገባብህ ሐኪምህን አማክር፤ ለታመመ ሰው ፆሙን ፈቶ በሌላ ቀን እንዲከፍል ቁርኣን ፈቅዶለታል።

ሦስተኛ፣ የሚያስተላልፍ በሽታ ይዞህ ሐኪም ከሰው ራቅ በል ካለህ፣ ጁሙዓ ቀረብኝ ብለህ አትጨነቅ። ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው እንኳ በሽታው ሰው እንዳያስቸግር ከመስጂድ እንዲርቅ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አዘዋል። ሽታ ይህን ያህል ከተጠነቀቁለት፣ የወንድምህ ሳንባ አይበልጥምን? ቤትህ ዙህር ስገድ። ታማሚ በጤናው ሳለ ይሠራው የነበረው መልካም ሥራ እንደሚጻፍለት ያበሰሩት እርሳቸው ናቸው።

አራተኛ፣ የታመመ ወዳጅ ካለህ ደውልለት፣ ምግብ አድርስለት፣ መድኃኒቱን አስታውሰው። ስድስት ወር ለብቻ ይረዝማል።

ተወኩል መስኮቱን ዘግቶ ዱዓ ማድረግ አይደለም። መስኮቱን ከፍተህ፣ ኪኒንህን ውጠህ፣ ከዚያ እጅህን ወደ ሰማይ ማንሳት ነው።

አላህ ታማሚዎቻችንን ያሽርልን፤ ለአስታማሚዎቻቸው ትዕግሥትና አጅር ይስጥልን፤ እኛንም ለሰው ሰላም እንጂ ለሰው ጉዳት ሰበብ አያድርገን። አሚን።